ፋስትጄት፦ በ20 ዶላር ቲኬት የጀመረው አየር መንገድ

ፋስትጄት መነሻውን የታንዛኒያዋን ዳሬሰላም አድርጎ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ይበር የነበረ ርካሽ አየር መንገድ ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2012 ከዳሬሰላም ወደ ሙዋንዛና ወደ ኪሊማንጃሮ በመብረር ነበር። ትንሹ ቲኬት ታክስ ሳይጨምር 20 ዶላር።

ሀዋሳ መናኸሪያ ቆሞ የአዲስ አበባ መኪና እስኪሞላ የጠበቀ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የኛ መንገድ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዳሬሰላም ሙዋንዛ ግን ከ1,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እኛ በጠዋት ከወጣን ለምሳ እንደርሳለን፤ ታንዛኒያውያኑ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ናቸው። እናም በአውቶቡስ ዋጋ አካባቢ አውሮፕላን ሲመጣ ሕዝቡ ግር ብሎ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ከተሳፋሪው ሲሶ ያህሉ አውሮፕላን ረግጦ የማያውቅ ነበር። ባንክ ካርድ የሌለውም በሞባይል ገንዘብ መክፈል ይችል ነበር፤ ለኔ ከሁሉም ብልህ የሆነው ውሳኔያቸው ይሄ ነው።

ኩባንያው ከባዶ አልተነሳም። ሎንሮ የተባለው ድርጅት ፍላይ 540 በሚል ስም ያካሂደው የነበረውን የአቪዬሽን ሥራ ገዝቶ ነው የተቋቋመው። ስሙን ያከራየው ኢዚጄት የተባለው የአውሮፓ ርካሽ አየር መንገድ መሥራች የስቴሊዮስ ሃጂ-ኢዮአኑ ኩባንያ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ጋትዊክ። አፍሪካ ውስጥ ለሚበር ርካሽ አየር መንገድ ይህ ራሱ ቅንጦት ነው።

አሠራሩ የኢዚጄት ነበር። አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት፣ ባለ156 መቀመጫ ኤርባስ ኤ319። ሻንጣ በተጨማሪ ክፍያ። ቀድሞ የገዛ በርካሽ ይሄዳል፣ የዘገየ ብዙ ይከፍላል። ችግሩ ያለው ወንበሩ ላይ ነው። ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም። አውሮፕላን ግን ሰዓቱ ከደረሰ ግማሹ ባዶ ሆኖም ይነሳል።

ጆሃንስበርግ በ2013 ተጨመረ፤ ሉሳካ፣ ሐራሬና ኢንቴቤም ተከተሉ። ናይሮቢ ግን በፈቃድ ጥበቃ እስከ 2016 ቆየ። የአፍሪካ መንግሥታት ሰማያቸውን አንዱ ለሌላው አየር መንገድ ለመክፈት በኮትዲቯሯ ያሙሱክሮ የተስማሙት በ1999 ነው፤ ወረቀቱ ላይ ማለት ነው። ሥራው ላይ እያንዳንዱ መስመር የየራሱ ደጅ ጥናት አለው።

ከዚያ ሁሉም ባንዴ መጣ። ነዳጅና የአውሮፕላን ኪራይ በዶላር ይከፈላል፣ የአገር ውስጥ ቲኬት በሽልንግ ይሸጣል፣ ሽልንጉ ደግሞ ወረደ። ስቴሊዮስ በአደባባይ አስተዳደሩን ወቀሱ፤ ሥራ አስፈጻሚው ኤድ ዊንተር በ2016 ለቀቁ። በቦታቸው የተተኩት ኒኮ ቤዙደንሃውት መሥሪያ ቤቱን ወደ ጆሃንስበርግ አዛወሩ፣ ኤርባሶቹንም በትናንሽ የኢምብራየር አውሮፕላኖች ቀየሩ። ውሳኔው ልክ ነበር፣ ግን መሸ። በዚያው ዓመት የያኔው የታንዛኒያ ፕሬዝዳንት የማጉፉሊ መንግሥት ለኤር ታንዛኒያ አዳዲስ አውሮፕላኖች ገዛለት። ከመንግሥት ኪስ ጋር በዋጋ መፎካከር ደግሞ ማንንም ያደክማል።

በ2018 መጨረሻ የታንዛኒያው ድርሻ ለአገሬው ባለሀብት ተላለፈ። ዲሴምበር ላይ በረራው ቆመ፤ በዓል ለማክበር ቲኬት የቆረጠ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ስሙ የተረፈው ዚምባብዌ ውስጥ ነው። እዚያ የሚበረው ባለ50 መቀመጫ ኢምብራየር ይዞ ነው።