አንድሩ ፊሸር፦ ከማዕድን ሠራተኞች ማኅበር እስከ መንግሥት ሥልጣን

ኋላ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አንድሩ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1862 በስኮትላንድ ኤርሻየር፣ ክሮስሃውስ በተባለች የድንጋይ ከሰል መንደር ተወለዱ። አባታቸው ከሰል ቆፋሪ ነበሩ፤ አቧራው ሳንባቸውን ጎድቶታል። ልጅየውም በ10 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ጉድጓድ ወረዱ፤ በ17 ዓመታቸው የሠራተኞች ማኅበሩ ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆኑ። የ1881 አድማ ሥራቸውን አሳጣቸው፤ ኋላም የአካባቢው አሠሪዎች በራቸውን ዘጉባቸው። በ1885 ከወንድማቸው ጋር ወደ አውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ ተሰደዱ።

በወርቅ ከተማዋ ጊምፒ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ቅርንጫፍን በሊቀ መንበርነት መሩ፤ የእንፋሎት ሞተር አንቀሳቃሽነት የምስክር ወረቀትም አወጡ። በ1893 ከተማዋን ወክለው፣ ያኔ ገና የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ኩዊንስላንድ ምክር ቤት ገቡ። በ1896 ግን ወንበሩን አጡ። የከተማው ጋዜጣ ይቃወማቸው ስለነበር ከባልደረቦቻቸው ጋር «ጊምፒ ትሩዝ» የተባለ የሠራተኛ ጋዜጣ መሠረቱ። በ1899 ተመልሰው ተመረጡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር አንደርሰን ዳውሰን በኩዊንስላንድ በዓለም የመጀመሪያውን የሠራተኛ ፓርቲ መንግሥት ሲያቋቁሙ ፊሸር የምድር ባቡርና የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ነበሩ። መንግሥቱ ድጋፍ የሚሰጠው አብላጫ ድምፅ ስላልነበረው ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ወደቀ።

በ1901 ቅኝ ግዛቶቹ ተዋሕደው አውስትራሊያ ስትመሠረት ወደ ፌዴራል ምክር ቤት ተሻገሩ፤ ሦስት ጊዜም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1908 ካቢኔያቸውን የመረጡት እርሳቸው ብቻቸውን ሳይሆኑ የሠራተኛ ፓርቲው እንደራሴዎች በድምፅ ነበር፤ ይህ ቀጥታ ከማኅበር ስብሰባ የመጣ አሠራር ነው። በ1910 ፓርቲያቸው በሁለቱም ምክር ቤቶች አብላጫ አገኘ። ሰፋፊ መሬት ላይ ግብር ጣሉ፣ የመንግሥት ባንክ አቋቋሙ፣ መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የጡረታ አበል አስጀመሩ። ከሁሉ የሚደንቀው የ1912ቱ የወሊድ ድጎማ ነው፦ ለወለደች እናት 5 ፓውንድ፣ ያገባች ትሁን ያላገባች፣ ሀብቷ ሳይጠየቅ። ነገር ግን የአገሬው ተወላጆችን፣ እስያውያንንና የፓስፊክ ደሴቶች እናቶችን ሕጉ አገለለ፤ ይህ ጉድለት ከሥራቸው ተነጥሎ ሊታይ አይገባም።

ዓለም አቀፉ ጦርነት ሊጀመር ሲል ብሪታንያን «እስከ መጨረሻው ሰውና እስከ መጨረሻው ሽልንግ» እንደሚረዱ ቃል ገብተው ነበር። በ1915 ሥልጣን ለቀው በለንደን የአውስትራሊያ ከፍተኛ ኮሚሽነር፣ ማለትም በብሪታንያ የአገራቸው ወኪል ሆኑ። ተተኪያቸው ዊልያም ሂዩዝ በ1916 የግዳጅ ምልመላን የሚደግፍ ጥሪ ላይ እንዲፈርሙ ሲጠይቋቸው ግን እምቢ አሉ። በ1928 ለንደን ውስጥ አረፉ።