በልጆች የግንባታ ጨዋታ «ድልድይ» ምንድን ነው?

ሁለት የእንጨት ቁራጮችን አራርቆ ማቆም፣ ሦስተኛውን በላያቸው ማጋደም። በቃ፣ ድልድይ ማለት ይኸው ነው። ለባሕር ዳር ልጅ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በግንቦት 2016 የተመረቀውን ባለ 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ በባጃጅ ተሻግሮት ይሆናል።

ሕፃን ልጅ መጀመሪያ እንጨቱን ተሸክሞ ይዞራል። ቀጥሎ ይደረድራል፣ ይቆልላል። ድልድዩ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት ገደማ ላይ ይመጣል። እስቲ ሲሠራ ልብ ብላችሁ እዩት። እግሮቹን አራርቆ ያቆምና መሻገሪያውን ሲያስቀምጥ ዱብ! አይደርስማ። ይደግመዋል፤ አሁንም ዱብ። የኋላ ኋላ አንዱን እግር ጠጋ ያደርገዋል። ያን ጊዜ ልጁ ርቀት ለካ ማለት ነው፤ ያለ ሜትር፣ በዓይኑ። አንዱ እግር ካጠረ መሻገሪያው ያዘነብላል። ስለዚህ እኩል የሆኑትን መርጦ ማምጣት አለበት።

እኛ ጋ ግን ኬጂ የሚመዘነው ልጁ እስከ መቶ በመቁጠሩ ነው። መቁጠሩ ክፋት የለውም። ሆኖም እስከ መቶ የሚያነበንብ ልጅ ስምንት ከአምስት በስንት እንደሚበልጥ ላይገባው ይችላል።

አሜሪካዊቷ መምህርት ካሮላይን ፕራት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራቻቸው እንጨቶች ለዚህ የታሰቡ ናቸው። ስፋታቸው የውፍረታቸው እጥፍ፣ ርዝመታቸው የስፋታቸው እጥፍ ነው። ሁለት ግማሽ ሲገጥም ልክ አንድ ሙሉ ይሆናል። ልጁ ክፍልፋይ የሚባል ነገር ሳይሰማ ክፍልፋይን በእጁ ይጨብጣል።

ውድ ሌጎ ፍለጋ አትድከሙ። ሰፈራችሁ ያለ እንጨት ቤት ጎራ በሉና ከትርፍራፊው 12 በ6 በ3 ሴንቲ አስቆርጡ፤ ጥቂቱን ደግሞ እኩል ለሁለት። ምስማር እንዳይኖረው፣ ስንጥር እንዳይወጋው በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይታሽ። ቀለም አያስፈልገውም። አፍ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ቁራጭ ግን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ያንቃል።

ሲወድቅበት ቶሎ እጃችሁን አትስደዱ። «ለምን አልደረሰም?» በሉት። «ከሥሩ ምን ያልፋል? መሃሉ ላይ ምን እናድርግ?» እያላችሁ አውሩት፤ ላይ፣ ሥር፣ መሃል፣ ዳር የሚሉት ቃላት እንዲህ እያለ ይለምዳቸዋል። ታናሽ እህቱ መጥታ ከናደችበት ግን ሽምግልናው የእናንተ ነው።