የበርድ መብት ምንድን ነው? ክለቦች አቋሙ የሚዋዥቅ ተቀያሪን ለምን አይለቁም?

ዲሴምበር 26 ቀን 2012፣ ፊኒክስ። በኤንቢኤ፣ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኒውዮርክ ኒክሱ ኮከብ ካርሜሎ አንቶኒ ተጎድቶ አልተሰለፈም። ጨዋታው 97 ለ97 ነው፤ የቀረችው አንዲት ሰከንድ ናት። ጄሰን ኪድ ከመስመር ውጭ ኳሱን አሻገረ። የኒክሱ ተቀያሪ ጄ አር ስሚዝ ተቀበለ፣ አየር ላይ ዞረ፣ ወደ ኋላ እያዘነበለ ለቀቃት። ገባች። 99 ለ97።

ይኸው ሰው በሌላ ምሽት ቅርጫቱ የተዘጋበት ይመስል ደጋግሞ ይስታል። መወርወሩንም አያቆምም።

እንዲህ ዓይነት ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ምን ይደረጋል? ደጋፊው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «የፊኒክሷን ምሽት ረሳችኋት እንዴ?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «በዚህ ገንዘብ የተረጋጋ ሰው አምጡበት» ይላል። ሁለተኛው ሐሳብ ሲሰሙት ልክ ነው፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማስበው። ኤንቢኤ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ምክንያቱም «በዚህ ገንዘብ» የሚባለው ገንዘብ ተጫዋቹ ሲሄድ አብሮት ይጠፋል። ለምን እንደሚጠፋ የሚያስረዳው ነገር የበርድ መብት ይባላል።

ከጣሪያው እንጀምር። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን እያየን ላደግን ሰዎች ነገሩ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። እዚያ ክለቡ ገንዘብ ካለውና የሊጉን የወጪ ሕግ ካልጣሰ ተጫዋቹን ይገዛል፣ ደመወዙንም ተነጋግሮ ይከፍላል። ኤንቢኤ ውስጥ ግን ከ1984-85 የውድድር ዘመን ጀምሮ አንድ ክለብ በዓመት ለተጫዋቾቹ የሚከፍለው ጠቅላላ ደመወዝ ጣሪያ አለው። በመጀመሪያው ዓመት 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025-26 ደግሞ 154.6 ሚሊዮን ደርሷል። የክለቡ ባለቤት የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን፣ ጣሪያውን ካለፈ በኋላ የሌላ ክለብ ተጫዋች ውሉን ስለጨረሰ ብቻ በፈለገው ዋጋ ሊያስፈርም አይችልም።

ጣሪያው ግን በር አለው፣ ሆን ተብሎ የተተወ በር። አንድ ክለብ ለዓመታት ያሰለፈውን ሰው ጣሪያው ሞላ ተብሎ እንዳያጣ፣ የራሱን ተጫዋች ለማቆየት ሲል ከጣሪያው በላይ እንዲወጣ ተፈቀደለት። በዚያ ዘመን ማንም ክለብ ሊያጣው የማይፈልግ ተጫዋች ሲባል የሚታሰበው የቦስተን ሴልቲክሱ ላሪ በርድ ነበርና ፈቃዱ በእሱ ስም ተጠራ። የበርድ መብት ማለት ይኸው ነው፤ ጣሪያውን ያለፈ ክለብም ቢሆን የራሱን ተጫዋች እንደገና የሚያስፈርምበት ፈቃድ።

ስሙ ያሳስታል። «የእገሌ የበርድ መብት» ሲባል ሰው ተጫዋቹ አንድ ነገር የሚጠይቅበት መብት ይመስለዋል። መብቱ የክለቡ ነው። ደግሞም ግዴታ አይደለም፤ ክለቡ ሊጠቀምበትም ሊተወውም ይችላል። ተጫዋቹም ሌላ ክለብ የተሻለ ካቀረበለት መሄድ ይችላል።

መብቱ ደረጃ አለው። ተጫዋቹ በነፃ ዝውውር ክለብ ሳይቀይር ሦስት የውድድር ዘመን ከቆየ መብቱ ሙሉ ይሆናል፤ ክለቡ እስከ ከፍተኛው ደመወዝ ድረስ፣ እስከ አምስት ዓመት ሊያስፈርመው ይችላል። ሌሎች ክለቦች የሚሰጡት ቢበዛ አራት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ከቆየ ግማሽ መብት ነው፤ ያለፈ ደመወዙን 175 በመቶ ወይም ከሊጉ አማካይ ደመወዝ ትንሽ ከፍ ያለውን፣ ከሁለቱ የበለጠውን መስጠት ይቻላል። አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ጭማሪው 20 በመቶ ነው። በቃ።

አሁን ወደ ስሚዝ እንመለስ፤ ሦስቱንም ደረጃ አንድ በአንድ ያለፈ ሰው ነውና። ከዴንቨር ከወጣ በኋላ ቻይና ሄዶ ተጫወተ፤ ፌብሩዋሪ 2012 ላይ ኒክስን ተቀላቀለ። በዚያ ክረምት ኒክስ በእጁ የነበረው ትንሹ መብት ስለነበር ስሚዝ በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረመ። ቀጣዩ ዓመት የሕይወቱ ምርጥ ዓመት ሆነ። 80 ጨዋታ ተሰለፈ፣ አንዱንም በቋሚነት አልጀመረም፣ በአማካይ 18.1 ነጥብ አስቆጠረ፣ የዓመቱ ምርጥ ተቀያሪ ተብሎም ተሸለመ። ኒክስ 54 ጨዋታ አሸነፈ።

ከዚያ ፕሌይ ኦፍ፣ የሻምፒዮናው የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ መጣ። ከቦስተን ጋር በተደረገው ሦስተኛ ጨዋታ ጄሰን ቴሪን በክርኑ መታና አራተኛውን ተቀጣ። ሲመለስ እጁ ጠፍቶበት ነበር። ከሦስት ኳስ ሁለቱ ይስታሉ። ኢንዲያና ኒክስን በሁለተኛው ዙር 4 ለ2 አሰናበተው። ስሚዝም ውሉ በሚፈቅድለት መሠረት ቀድሞ ከውሉ ወጣ።

እስቲ የኒክስ ኃላፊ ወንበር ላይ ሁኑ። ክለቡ ከጣሪያው በላይ ነው። ስሚዝን ብትለቁት ጣሪያው ሥር ባዶ ቦታ አይፈጠርላችሁም፤ እሱ ከሂሳቡ ወጥቶም ገና ከጣሪያው በላይ ናችሁ። እንደናንተ ደመወዙ ስለበዛ የቅንጦት ግብር ለሚከፍል ክለብ ከውጭ ሰው ለማምጣት የተፈቀደው 3.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ስሚዝን ብታስፈርሙትም ባታስፈርሙትም ታገኙታላችሁ። ለስሚዝ ግን ሁለት ዓመት ስለሞላው ከ5 ሚሊዮን በላይ መክፈል ትችላላችሁ፣ ለእሱ ብቻ። ይህ ገንዘብ ለሌላ ሰው አይሻገርም። ስለዚህ ጥያቄው «ስሚዝ ወይስ የተሻለ ሰው?» አይደለም። «ስሚዝ ወይስ ማንም?» ነው።

ኒክስ አስፈረመው። ሦስት ዓመት፣ 18 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ሦስተኛው ዓመት በስሚዝ ምርጫ።

ቀጥሎ የመጣው ደጋፊን ያስለቀሰ ነው። ፊርማው ሳይደርቅ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ሴፕቴምበር ላይ የሊጉን የመድኃኒት ሕግ ጥሶ አምስት ጨዋታ ታገደ። ጃንዩዋሪ ላይ ደግሞ የቅጣት ውርወራ ሲጠበቅ ጎንበስ ብሎ የተጋጣሚን የጫማ ማሰሪያ ፈታ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በቀጣዩ ጨዋታ ሌላ ሰው ላይ ሞከረው፤ 50 ሺህ ዶላር ተቀጣ። ኤፕሪል 6 ቀን 2014 ማያሚ ላይ ሃያ ሁለት ጊዜ ከሦስት ነጥብ ርቀት ወረወረ፣ በወቅቱ በአንድ ጨዋታ ማንም ያን ያህል ወርውሮ አያውቅም ነበር፤ አሥሩን አስገባ፣ 32 ነጥብ ሠራ፣ ኒክስ ተሸነፈ። ያንን ጨዋታ ያየ ሰው ስሚዝን ሙሉ ሰው አድርጎ አይቶታል፤ ድንቁም ጣጣውም እዚያው አንድ ላይ ነበር። ክለቡ በዚያ ዓመት 37 ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይ ኦፍ ሳይገባ ቀረ።

ታዲያ ማስፈረሙ ስህተት ነበር? እኔ አይደለም እላለሁ። ውጤቱ አላማረም፣ ውሳኔው ግን ትክክል ነበር። እንዲህ ያለ ተጫዋች ቢዋዥቅም እንኳ ደመወዙ በሂሳቡ ላይ መኖሩ ራሱ ጥቅም አለው፤ በልውውጥ ጊዜ ደመወዝ ከደመወዝ ጋር መመጣጠን ስላለበት ባዶ እጅ ከቀረህ የምትለውጠው ነገር የለህም። የኒክስ ጥፋት ሌላ ቦታ ነው። ጃንዩዋሪ 2015 ላይ፣ ከሁሉ በወረደበት ሰዓት፣ ስሚዝን ከኢማን ሻምፐርት ጋር ወደ ክሊቭላንድ ሲልከው በምላሹ ይህ ነው የሚባል ተጫዋች አላገኘም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በልውውጥ የሄደ ተጫዋች የቆየበት ዘመን አይሰረዝም። መብቱ እንደ ሻንጣ አብሮት ይሄዳል። በ2012 እንዲያውም ክርክር ተነስቶ፣ በሌላ ክለብ ተሰናብቶ ኒክስ ከተሰናባቾች ዝርዝር ላይ የወሰደው ጄረሚ ሊን መብቱ እንዳልጠፋ በገላጋይ ዳኛ ተወስኗል። ስለዚህ ክሊቭላንድ ስሚዝን ሲወስድ ኒውዮርክ ያጠራቀመውን ዓመትም አብሮ ወሰደ።

2016 ላይ ክሊቭላንድ ሻምፒዮን ሆነ። በሰባተኛው ጨዋታ፣ በእረፍት በጎልደን ስቴት 49 ለ42 ተቀድመው ሳለ፣ ሦስተኛው ሩብ እንደተጀመረ ጉድጓዱን መድፈን የጀመረው ስሚዝ ነው፤ ሦስት ነጥብ፣ ደግሞ ሦስት ነጥብ። 93 ለ89 አለቀ። በዚያ ክረምት ውሉ ሲያልቅ ያ ሁሉ የኒውዮርክ ሂሳብ ተደገመ፣ በትልቅ ቁጥር። ክሊቭላንድ ከጣሪያው በላይ ስለነበር ከውጭ ሰው ለማምጣት የነበረው 3.5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ለስሚዝ ግን ሙሉ መብት ነበረው። ለወራት ተጨቃጭቀው ኦክቶበር ላይ ለአራት ዓመት በ57 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ፤ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ 12.8 ሚሊዮን ነው። የ12.8 ሚሊዮን ተጫዋች ይሂድ ብትል በምትኩ የምታመጣው የ3.5 ሚሊዮን ሰው ነው። ያን ጊዜ «አበዱ» ይሉ የነበሩ ሰዎች ይህችን ልዩነት አላዩዋትም።

እርግጥ ነው፣ ሜይ 31 ቀን 2018 መጣ። የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ፣ 107 እኩል፣ 4.7 ሰከንድ። ጆርጅ ሂል ሁለተኛውን የቅጣት ውርወራ ሳተ፣ ስሚዝ የተመለሰውን ኳስ ያዘ፣ ቅርጫቱ እዚያው ራሱ ላይ ነው። ኳሱን እያነጠረ ወደ መሐል ሜዳ ወጣ። ሌብሮን ጄምስ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቅርጫቱን ያሳየዋል። ሰዓቱ አለቀ። በጭማሪ ሰዓት ተሸነፉ፣ ሌብሮን 51 ነጥብ በሠራበት ምሽት። ያንን ሳስበው አሁንም ሆዴን ባር ባር ይለኛል። የሚዋዥቅ ተጫዋች ዋጋው ይህ ነው፤ መቼ እንደሚያድንህና መቼ እንደሚያሳፍርህ ቀድመህ አታውቅም። ጁላይ 2019 ላይ ክለቡ አሰናበተው።

መብቱን ይዞ መቆየትም በነፃ አይደለም። ውሉ ያለቀ ተጫዋች እስኪፈርም ወይም ክለቡ መብቱን እስኪተው ድረስ በሂሳቡ ላይ ቦታ ይይዛል፣ ሚኒባስ ውስጥ «ሰው አለበት» ተብሎ ቦርሳ እንደሚቀመጥበት ወንበር። ክለቡ ጣሪያው ሥር ገብቶ ትልቅ ኮከብ ማስፈረም ከፈለገ ቦርሳውን ማንሳት አለበት። እንደዚያ ያለ ክለብ የሚዋዥቅ ተቀያሪውን ቢለቅ አልፈርድበትም፤ እሱ እውነትም በዚያ ቦታ የሚያመጣው ሰው አለው።

ዛሬ ደግሞ ሂሳቡ ከብዷል። ከጣሪያው በላይ የቅንጦት ግብር መስመር አለ፣ በ2025-26 187.9 ሚሊዮን ዶላር። ከዚያም በላይ ሁለት ተጨማሪ መስመሮች አሉ፤ የላይኛው 207.8 ሚሊዮን ነው። እሱን ያለፈ ክለብ ከውጭ ሰው የሚያመጣባት ያቺ ትንሽ ገንዘብ እንኳ ትወሰድበታለች፣ በልውውጥም የሁለት ተጫዋች ደመወዝ ደምሮ አንድ ሰው ማምጣት አይፈቀድለትም። የበርድ መብት ግን አይነካም። የራስህን ሰው ማስፈረም ትችላለህ፣ ግብሩን ከቻልከው።

ቦስተን በ2025 ክረምት አልቻለም። ጁሩ ሆሊዴይንና ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስን በልውውጥ ላከ። ተቀያሪ ሆኖ ለዓመታት ያገለገለው ሉክ ኮርኔት ላይም ሙሉ የበርድ መብት ነበረው። ኮርኔት ለሳን አንቶኒዮ ፈረመ፣ ለአራት ዓመት በ41 ሚሊዮን ዶላር ገደማ።