አስፋልት ያለቀበት ልጅነት

«ዳር» የሚባለው የአዲስ አበባ ክፍል ካርታ ላይ ተሰምሮ አይገኝም። መለያው ሌላ ነው። የሰፈሩ ሰው ፒያሳ ወይም መርካቶ ለመሄድ ሲነሳ «ከተማ ደርሼ ልምጣ» ካለ፣ ሰፈሩ ዳር ነው። መታወቂያው ላይ አዲስ አበባ ተብሎ ቢጻፍም ለውጥ የለውም። «ከተማ» ሲባል ልብስ ይቀየራል፣ ፀጉር ይበጠራል፣ የሰማ ጎረቤትም «እግረ መንገድህን» ብሎ በርበሬ ወይም የስልክ ቻርጀር ያዝዛል።

ዛሬ ዳር የሚባለው ብዙ ነው። በምሥራቅ አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ለገጣፎ አሉ። በደቡብ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን። በደቡብ ምዕራብ ጀሞ፣ ዓለም ባንክና ሰበታ። በምዕራብ ቡራዩ፣ በሰሜን ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ። ገሚሱ በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ነው፣ ገሚሱ የኦሮሚያ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ተጠቃለዋል። መንገድ ተሻግሮ ያለው ጓደኛ የሌላ ከተማ ነዋሪ የሚሆንባቸው ሰፈሮች አሉ። ኳሱ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይሻገራል።

ደግሞ ዳር አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ይሸሻል። የከተማዋ የቀድሞ አየር ማረፊያ ልደታ ነበር። በ1950ዎቹ ወደ ቦሌ ሲወሰድ ቦሌ ከከተማ ውጭ ያለ ሜዳ ነበር። ዛሬ ቦሌ ያደገ ሰው «የዳር ልጅ ነኝ» ቢል ይሳቅበታል። ቀጣዩ ትልቅ አየር ማረፊያ ደግሞ ወደ ቢሾፍቱ ሊሄድ ነው። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ የዳር ልጅ «አሁን እኮ ሰፈራችን ከተማ ሆኗል» እያለ ሲከራከር ያድጋል። ማስረጃው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከእኛ ወዲያም ሰው አለ። የጀሞ ልጅ ወደ ፉሪ ይጠቁማል። የአያት ልጅ ወደ ለገጣፎ፣ የለገጣፎ ልጅ ወደ ሰንዳፋ ይጠቁማል። የሰንዳፋ ልጅ «እኛ ድሮም ራሳችንን የቻልን ከተማ ነን» ብሎ ከክርክሩ ይወጣል።

የሰፈር ስሞቹም ለክርክሩ አይረዱም። ዓለም ባንክ ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተሠራ የቤቶች ፕሮጀክት ነው። ሲኤምሲ የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ስም ነው። ለቡ ላይ «ሙዚቃ ቤት»፣ ሰሚት ላይ «ፍየል ቤት» የሚባል መውረጃ አለ። «ቤታችሁ የት ነው?» ሲባል «ፍየል ቤት» ብሎ መመለስ፣ በተለይ በአሥራዎቹ ዕድሜ፣ ቆራጥነት ይጠይቃል።

አድራሻ መንገር ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የዳር ሰው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር አይጠቅስም። «ታክሲው መጨረሻ ላይ ውረድ። አስፋልቱን ለቀህ ወደ ግራ ታጠፍ። ድሮ ወፍጮ ቤት የነበረበት ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ይላል። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። እንግዳው ደግሞ ቆሞ እያለም አያውቀውም። ሁለተኛው ምልክት አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር ነው። ሰፈሩ በሙሉ የቆርቆሮ አጥር ነው፣ ገሚሱም አረንጓዴ ነው።

መጨረሻው ያው ነው፤ ልጅ ይላካል። «ሂድና አክስትህን ታክሲ መጨረሻው ጋ ተቀበላት።» አክስት «ደርሻለሁ» ብላ ደውላለች። ይህን ያለችው ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን ወጥቷል። ከየታክሲው የሚወርደውን ሴት ሁሉ ፊት ፊት እያየ ይቆማል። ከሊስትሮዎቹ ጋር ይወዳጃል። የረዳቶቹን አጠራር ይለምዳል። የዳር ልጆች ረዳት አስመስሎ መጣራት የሚችሉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አክስት በመጨረሻ ስትወርድ የመጀመሪያ ንግግሯ «ይሄን ሁሉ መንገድ በየቀኑ ትመላለሳላችሁ?» ነው። ቤት ገብታም ትደግመዋለች። ስትወጣም ትለዋለች። በዓመት አንዴ ለምትመጣ ሰው ይሄ እንደ ሰላምታ ይቆጠራል።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይብሳል። በምሥራቅና በደቡብ ያለው የከተማዋ ዳር ብዙው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ አጥር ያዘማል፣ ጫማ ይነጥቃል። ጫማ ይነጥቃል ማለቴ ማጋነን አይደለም። እግር ይወጣል፣ ጫማው እዚያው ይቀራል። መላው የታወቀ ነው። ቦት ጫማ ተደርጎ ከቤት ይወጣል፣ ንጹሑ ጫማ በፌስታል ይያዛል፣ አስፋልት ሲደረስ ይቀየራል። ቦቱ ሱቅ በአደራ ይቀመጣል። ማታ ሱቁ ጥግ የተደረደረውን ቦት ያየ ሁሉ ማን ገና እንዳልገባ ያውቃል። የስንቱ ወጣት ማምሸት የተጋለጠው በዚህ ነው። ቦት የሌለው እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ ያስራል። መሃል ከተማ የሚማር የዳር ልጅማ መደበቂያ የለውም። በሰኔ ፈተና ሰሞን ማን ከየት እንደመጣ ለማወቅ ከዴስክ ሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል።

ግን የዳርን ልጅነት ከሁሉም በላይ የሚገልጸው ሰርቪሱ ነው ባይ ነኝ። ቦታ ያገኘ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሠራው ጓሮ ያለውን ሰርቪስ ነው። «ለጊዜው እዚህ እንግባ፣ ዋናውን ቀስ ብለን እንሠራለን» ይባላል። ለጊዜው የተባለው ቤት ልጅ አሳድጎ ይድራል። ዋናው ቤት መሠረቱ ወጥቶ፣ ብረቱ ቆሞ፣ ግቢው መሃል ይጠብቃል። መሠረቱ ውስጥ ጎመን ይበቅላል። ብረቱ ላይ ልብስ ይሰጣል። ልጆች ግን እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ያውቁታል። «ኳሷ ሳሎን ገባች» ሲሉ እንግዳ ሳሎኑን ይፈልጋል። ሰማይ ነው፣ ሣር ነው። «ይሄ የኔ መኝታ ቤት ነው» በሚል ወንድምና እህት ግድግዳ በሌለው ክፍል ይጣላሉ። ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር አባት ዜናውን አጥፍተው ይወጣሉ። ዋናውን ቤት ጨርሶ የገባውም ቢሆን ጣሪያው ላይ የብረት ጫፎች አቁሞ ይተዋል። አንድ ቀን ፎቅ ሊጨምር ነው።

በነገራችን ላይ የአዲስ ሰፈር አመሠራረት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ብሎኬት ማምረቻ ይመጣል። ቀጥሎ የቆርቆሮ ሱቅ። ከዚያ እድር ይቋቋማል። ውሃና መብራት ከእድሩ ኋላ ናቸው። ድንኳንና ወንበር የተሟላለት፣ መብራት ግን ያልገባለት ሰፈር ማግኘት አይቸግርም። የለገዳዲ ግድብ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ዋነኞቹ አንዱ ነው፣ ወደ ቡራዩ ያለው ገፈርሳም እንዲሁ። በግድቦቹ አቅራቢያ ያደጉ ልጆችም ቢሆኑ የጀሪካን ሰልፍ አላመለጣቸውም። «መብራት መጣ!» የሚለውን የልጆች ጩኸት ግን መሃል ከተማም ያውቀዋል፣ እሱን እናካፍላለን።

ኮንዶሚኒየሙ የራሱ ወግ አለው። በ1997 ዓ.ም. ከተካሄደው የቤት ምዝገባ ወዲህ፣ ኋላም በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉት የቁጠባ ቤት ፕሮግራሞች ሲጨመሩ፣ የእርሻ መሬት የነበረው ብሎክ በብሎክ ሆነ። ከእርሻው የተነሱት ገበሬዎች ታሪክ ቀልድ የለውም፣ እዚህ አልነካካውም። ዕጣው ግን ከካዛንችስ፣ ከመርካቶና ከአራት ኪሎ የመጣውን ሰው አንድ ደረጃ ላይ አገናኘው። ሕንጻዎቹ መንታ ናቸው። ቀለማቸው፣ ደረጃቸው፣ የበሩ ብረት ሳይቀር አንድ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሌላ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ የሰው በር ያንኳኳ ልጅ በየሳይቱ አለ። አንዳንዱ ምሳውን በልቶ ነው የተመለሰው።

በዓል ሲመጣ በግ ፎቅ ይወጣል። ብዙዎቹ ብሎኮች አሳንሰር የላቸውም። በግ ደግሞ ደረጃ አይወድም። አባት ከፊት ይጎትታሉ፣ ልጅ ከኋላ ይገፋል። በየፎቁ ጎረቤት ብቅ ብሎ «ስንት ገዛኸው?» ይላል። ዋጋው ከፎቅ ፎቅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አራተኛ ላይ ሲደርስ በጉ በነፃ የተገኘ ነው የሚመስለው። ለእርድ የተሠራው የጋራ ቤት ያለው ታች ነው። ጠዋት ተመልሶ መውረዱ አይቀርም፣ ግን ማን ያምናል ታች ቢያድር? በረንዳ ላይ ያድራል፣ ብሎኩም አብሮት ያድራል።

ትራንስፖርቱን ማሳጠር ይቻላል፤ የለም። ሲኖር ደግሞ ይቆራረጣል። ታክሲው ሙሉውን መንገድ ከመሄድ ግማሹን እየጫነ ሁለት ሂሳብ ይቀበላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አያትንና ቃሊቲን ከመሃል ከተማ ሲያገናኝ የሁለቱ አቅጣጫ ልጆች በዚያ ሰሞን ደረታቸውን ነፍተው ነበር። ከዚያ ግፊያው መጣ። የዳር ተማሪ ንጋት 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ታክሲ ውስጥ ቆሞም ተቀምጦም መተኛት ይችላል። የሚነቃው ያለ ስህተት መውረጃው ላይ ነው። «ወራጅ አለ» የሚለውን በእንቅልፍ ልቡ ነው የሚለው።

ሜዳ ግን አለው። መሃል ከተማ ያደገ ልጅ መኪና እያሳለፈ ኳስ ይጫወታል፣ የዳር ልጅ ከብት እያሳለፈ። ላሞቹ ሲመጡ ጨዋታው ይቆማል። አንዷ ጎል መሃል ከተኛች «ላሟን የነካ አይቆጠርም» የሚል ሕግ ይወጣል። ዳኛው እረኛው ይሆናል፣ ገለልተኛ እሱ ብቻ ስለሆነ። እረኛው ጠዋት የክፍል ጓደኛ ነው፣ እናቱ ወተት የምታመጣ ደንበኛ ናት። በዚህ መንገድ ኦሮምኛ የለመደ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ብዙ ነው። መጀመሪያ የሚማረው ስድቡን ነው፣ ከዚያ ሰላምታውን፣ ከዚያ በጥቅምት ባቄላ እሸት፣ በታኅሣሥ ሽምብራ ሰርቆ ሲያዝ ይቅርታ የሚጠይቅበትን። አንድ ቀን ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሮ ይገኛል። ቡድኑ ኳሱን ይዞ ወደ ውጭ ይሄዳል። ዳሩ መሸሹን ከማንም በፊት የሚያውቁት ኳስ ተጫዋቾቹ ናቸው።

ሌሊቱ የጅብ ነው። ጅብ መሃል አዲስ አበባም ይገባል፣ ዳር ላይ ግን ሲጮህ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ቤተሰቡ ተወያይቶ ይተኛል። ለወላጆች ከሰዓት እላፊ የተሻለ መሣሪያ ነው። የሱሉልታ ልጆች ደግሞ የሚፎክሩበት ሌላ ነገር አላቸው። ብርዱን ከታገሡ ጠዋት ጠዋት የአገሪቱ አትሌቶች በደጃቸው ሲሮጡ ያያሉ። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም የሠራው እዚያው ነው። ትምህርት ቤት የረፈደበት ልጅ ከእነዚህ ሯጮች ጎን ተሰልፎ ጥቂት ሜትር ይሮጥና ዕድሜ ልኩን ያወራዋል።

የዓመቱ ትልቅ ድል መስከረም ላይ ነው። መሃል ከተማ አደይ አበባና ቄጠማ በገንዘብ ይገዛል። የዳር ልጅ ከደጁ ይነቅላል። ጳጉሜ ላይ በድንገት የዘመድ ስልክ ይበዛል። በክረምቱ «እዚያ ድረስ ማን ይመጣል» ያሉት ሁሉ «ስትመጡ ትንሽ አበባ ይዛችሁልን» ይላሉ። ነጋዴ መንፈስ ያለው ልጅ እቅፍ እቅፉን አስሮ ታክሲ ውስጥ ይገባል። ረዳቱ ለአበባውም ሂሳብ ይጠይቃል።

የዳር ልጅም ያድጋል። ሥራ ይይዛል፣ ትዳር ይመሠርታል፣ ቤት ይፈልጋል። ጀሞ ያደገው ጀሞ መከራየት አይችልም፤ ሰፈሩ እንደተመኘው ከተማ ሆኗል፣ ኪራዩም እንደዚያው። ኮዬ ፈጬ ወይም ፉሪ ይገባል። እናቱ የመጀመሪያ ቀን ሊጠይቁት ይሄዳሉ። ከባጃጅ ይወርዳሉ፣ ነጠላቸውን ከጭቃው ሰብሰብ ያደርጋሉ፣ ግራ ቀኙን ያያሉ። «ልጄን ጅብ ሊበላው ነው» ይላሉ። ምራታቸው ቡና ልታፈላ ገብታለች፣ ውሃ ግን የለም።