ስለ ፊሊፒኖ አሜሪካውያን የተማሪዎች ክበብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በካሊፎርኒያ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የፊሊፒኖ አሜሪካውያን የባህል ክበብ አለ። ኦክቶበር የፊሊፒኖ አሜሪካውያን ታሪክ የሚታሰብበት ወር ስለሆነ ለባህል ጭፈራ የሚያገለግሉ ረጃጅም የቀርከሃ ዘንጎች ከዕቃ ግምጃ ቤት ይወጣሉ። ስለ ክበቡ የሚወራው ግን ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይርቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ክበቡ ለፊሊፒኖ ልጆች ብቻ ነው።» አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማሪዎች ክበብ ዘር ቆጥሮ በር አይዘጋም። ቀርከሃ ከሚያጋጩት መካከል የሜክሲኮ ወይም የኢትዮጵያ ልጅ ቢገኝ አይገርምም።

«የቀርከሃው ጭፈራ የስፔኖች ቅጣት ነበር።» ይህን የሚደግሙ የክበብ አባላትም አሉ። በሥራ የለገመ ሰው በሁለት ዘንጎች መካከል ቆሞ እግሩን ይመታ ነበር፤ እየዘለለ ማምለጥ ሲለምድ ጭፈራ ሆነ ይላሉ። ልብ የሚነካ አፈ ታሪክ ነው። የጭፈራው ስም፣ ቲኒክሊንግ፣ ግን የመጣው ቲክሊንግ ከተባለች እግረ ረጅም የሩዝ ማሳ ወፍ ነው። ጨፋሪዎቹ የሚመስሉት በሌይቴ ደሴት ገበሬዎች የቀርከሃ ወጥመድ መካከል ሾልካ የምታመልጠውን ወፍ ነው። ዘንጎቹ ሁለቴ መሬት ይመታሉ፣ በሦስተኛው እርስ በርስ ይጋጫሉ። በሦስተኛው ምት እግሩን ያላወጣ ቁርጭምጭሚቱ ይመሰክራል።

«የስፔን ስም ስላላቸው የስፔን ዘር ናቸው።» ስፔን ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ገዝታለች፤ ስሙ ግን በአብዛኛው የመጣው በደም ሳይሆን በወረቀት ነው። በ1849 ገዥው ናርሲሶ ክላቬሪያ ለግብር አሰባሰብና ለሕዝብ ቆጠራ እንዲመቸው፣ ከተዘጋጀ መዝገብ ላይ ለየቤተሰቡ ስም እንዲታደል አዘዘ። አንድ የመዝገብ ገጽ ለአንድ ከተማ ሲደርስ፣ የጎረቤታሞች ስም ሁሉ በአንድ ፊደል የሚጀምርበት ስፍራ ተፈጠረ። በአባቱ ስም ለሚጠራ ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ይህ ለማመን ይከብዳል።

«ሁሉም ታጋሎግ ተናጋሪና ካቶሊክ ናቸው።» በፊሊፒንስ ከ170 በላይ ቋንቋዎች አሉ። ክበቦች የሚወዱት ሲንግኪል የተባለው የማራገቢያ ጭፈራም በሚንዳናኦ ደሴት የሚኖሩት ሙስሊሞች፣ የማራናኦዎች ነው።

«አሜሪካ የገቡት በቅርቡ፣ ነርስ ሆነው ነው።» ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ፊሊፒኖዎችን በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሆስፒታልና በሰው ቤት ሥራ ያወቅናቸው እኛም እንስተዋለን። ኦክቶበር የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በስፔን መርከብ የተጓዙ፣ የፊሊፒንስዋ ሉዞን ደሴት ሰዎች በዛሬዋ ካሊፎርኒያ ሞሮ ቤይ የወረዱት ኦክቶበር 18 ቀን 1587 ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ደግሞ ወጣት ወንዶች በካሊፎርኒያ እርሻዎች ጎንበስ ብለው ሠሩ። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 በካሊፎርኒያዋ ዴላኖ ከተማ በላሪ ኢትሊዮንግ የሚመሩት ፊሊፒኖ የወይን ለቃሚዎች ሥራ አቆሙ። የሠራተኞች መሪው ሴሳር ቻቬዝና የሜክሲኮ ተወላጅ ሠራተኞች የተቀላቀሏቸው ከስምንት ቀን በኋላ ነበር፤ አድማው አምስት ዓመት ዘለቀ። ዝናው ግን ለቻቬዝ ቀረ። የፊሊፒኖ ሠራተኞች ድርሻ በትምህርት ቤት እንዲነገር ካሊፎርኒያ ሕግ ያወጣችው በ2013 ነው።

«ክበቡ ሉምፒያ መሸጫ ነው።» ሉምፒያ እንደ ሳምቡሳ በዘይት የሚጠበስ ጥቅልል ነው፤ የጭፈራ ልብስ የሚገዛውም ብዙ ጊዜ በእርሱ ሽያጭ ነው። ይህኛውን ሙሉ በሙሉ ማስተባበል አልችልም።