ቁስሉ ደረቀ ማለት ቂጥኝ ለቀቀ ማለት አይደለም

ጨብጥ በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ ከመሽናት ይመጣል የሚል ሰው ጎንደር ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። ጨብጥ ባክቴሪያ ነው፤ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድ ጊዜም ከእናት ወደ ሕፃን ነው። ከሽንት ቤት መቀመጫም አይያዝም።

«የቡና ቤትና የሹፌር በሽታ ነው» የሚለውም ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት አራቱ በሽታዎች፣ ክላሚዲያ፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝና ትሪኮሞናስ፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሰዎችን 374 ሚሊዮን ጊዜ እንደ አዲስ ይዘዋል። ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴትም ከባሏ ይይዛታል።

ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ግን «ቁስሉ ደርቋል፣ ድኛለሁ» የሚለው ነው። የቂጥኝ ቁስል ከተጋለጡ ከ10 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ጠንከር ያለ ነው፣ አያምም። ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ስለሚሆን አይታይም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ መድኃኒት ሳይነካው በራሱ ይደርቃል። ሰውየው ግን የቀባው ቅጠል ወይም ከፋርማሲ የገዛው ክኒን ያዳነው ይመስለዋል። ባክቴሪያው ደም ውስጥ ነው። ቆይቶ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የማያሳክክ ሽፍታ ይወጣል፤ እሱም ይጠፋል። ከዓመታት በኋላ ልብን፣ አንጎልንና ዓይንን ይጎዳል። እርጉዝ ሴት ቂጥኝ ካለባት ፅንሱ ሊሞት ይችላል። በእርግዝና ክትትል ደም የሚመረመረው ለዚህ ነውና ማንም ባል እንደ ስድብ አይውሰደው።

ገና የጀመረ ቂጥኝ በአንድ ቀን በሚወጋ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይድናል። የቆየ ከሆነ ወይም መቼ እንደያዘ ካልታወቀ መርፌው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ3 ሳምንት ነው። ሁለተኛውን ተወግቶ መቅረት አይቻልም።

ከብልት ፈሳሽ ሲታይም ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ-ባክቴሪያ ክኒን ገዝቶ መዋጥ ተለምዷል። የጨብጥ ባክቴሪያ ሲፕሮን በብዙ አገር ተላምዶታል፤ ክላሚዲያም ብዙ ጊዜ አብሮት ስለሚኖር ሁለቱም መታከም አለባቸው። ከመተማ የሰሊጥ ሥራ ተመልሶ ለብቻው የሚታከም ባልን አስቡ። ሚስቱ ምንም ምልክት የላትም፤ ከእሷ መልሶ ሲይዘው «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል። ሁለቱ እኩል ታክመው ለ7 ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ። ጸበል የሚጠመቅም መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«ሁለት ኮንዶም ከአንድ ይሻላል» አይባልም፤ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይቀደዳል። አንዱን በትክክል ማድረግ ይበቃል። የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑን ይዩ፤ በጥርስ ሳይሆን በእጅ ይክፈቱ፤ ጫፉን ጨምቀው አየሩን እያስወጡ እስከ ሥር ይዘርጉት። ቫዝሊን፣ ቅቤና ዘይት ኮንዶሙ የተሠራበትን ላስቲክ (ላቴክስ) ያበላሻሉ፤ ማለስለሻው በውኃ የተሠራ ይሁን። ሲጨርሱ ብልት ሳይተኛ ከሥሩ ይዘው ያውጡ። ኪስ ቦርሳ ውስጥ የከረመውን ይጣሉት።

ያለ ኮንዶም ግንኙነት ባደረጉ ማግስት ለኤች አይ ቪ ተመርምሮ ነጻ ነኝ ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ከ3 ወር በኋላ መደገም አለበት። ከግንኙነቱ በኋላ 72 ሰዓት ካላለፈ ግን ወዲያው ጤና ተቋም ሄዶ መከላከያ መድኃኒት መጠየቅ ይገባል።

በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ የሚያመጣውን የማኅፀን በር ካንሰር የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር «ያመክናል» ተባለ። አያመክንም። የማኅፀን ቱቦዎችን ዘግቶ ልጅ የሚያሳጣው ሳይታከም የቆየ ክላሚዲያና ጨብጥ ነው።