ከ4,000 ዙር በላይ ጉልበት የሚያጣ ኤምጂቢ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዝ አቢንግደን የተሠራው ኤምጂቢ የስፖርት መኪና 1,798 ሲሲ ሞተር አለው፤ ደህና ሲሆን በደቂቃ 5,400 ዙር 95 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጣል። ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ያማረ፣ ከተማ ውስጥም ምንም የማይለው መኪና ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ 4,000 ሲያልፍ ይደክማል። ያኔ ምክር ሰጪው ብዙ ነው። እዚህ ያሉት ቁጥሮች ሁለት ኤስዩ ኤችኤስ4 ካርቡሬተርና ሉካስ 25ዲ4 ዲስትሪቢዩተር (እሳት ማከፋፈያ) ላላቸው ሞዴሎች ናቸው።

«ላይ ላይ (በከፍተኛ ዙር) ጉልበት ካነሰ ካርቡሬተሩ ነው»

ብዙ ጊዜ አይደለም። ካርቡሬተሩን ከመፍታት በፊት ጉልበቱ እንዴት እንደሚጠፋ ማየት ይበልጣል። ነዳጅ ሲያንሰው ሞተሩ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ ጥቂት ሰከንድ ከሄደ በኋላ ይጀምራል፣ እግር ሲነሳለትም ተንፍሶ ይመለሳል። የእሳት ችግር ግን ድንገተኛ ነው፤ ይቆራርጣል፣ ማርሚታው ውስጥም ይተኩሳል።

ችግሩ እየታየ ሳለ ቾኩን (ድብልቁን የሚያወፍረውን መሳቢያ) ግማሽ ያህል ይሳቡ። የመጀመሪያዋ ትንሽ ርቀት ሚኒሞን ብቻ ስለምታነሳ አትበቃም፤ ጂግለሩ (ነዳጁ የሚወጣበት ቀዳዳ) የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ሞተሩ ከተነቃቃ ድብልቁ ቀጥኗል፣ ማለትም ነዳጅ አንሶታል። ከባሰበት ወይ ወፍሯል ወይ ጉዳዩ ነዳጅ አይደለም።

የዙር ቆጣሪውንም ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1964 መጨረሻ ወዲህ ያሉት በኤሌክትሪክ፣ ከቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት ከሚሰጠው ጥቅል) መስመር ምት እየቆጠሩ ይሠራሉ። መኪናው በማርሽ ላይ እየሄደ መርፌው በድንገት ከወደቀ ሞተሩ ያን ያህል ዙር ሊቀንስ አይችልም፤ የተቋረጠው ወደ ቦቢናው የሚሄደው ቀጭኑ መስመር ነው። መርፌው ጸንቶ ሞተሩ ከቆራረጠ ደግሞ ካንዴላ፣ ወፍራሞቹን ሽቦዎች፣ ሮተርና የዲስትሪቢዩተር ክዳን ይመርምሩ።

«ካንዴላው ውጭ ተይዞ እሳት ከሰጠ እሳቱ ደህና ነው»

ይህ ፈተና የሚያረጋግጠው እሳት መኖሩን ብቻ ነው። በታመቀ ድብልቅ ውስጥ ብልጭታ ለመዝለል እጅግ ከፍ ያለ ቮልት ይጠይቃል፤ ጊዜውም ሌላ ነው። በ900 ዙር ሞተሩ በሰከንድ 30 ብልጭታ ይፈልጋል፣ በ5,400 ዙር 180። ኮንታክቱ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የቦቢናውን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋው) በሁለት ብልጭታ መካከል ካለው 90 ዲግሪ 60ውን ተዘግቶ ሲቆይ፣ ቦቢናው በሚኒሞ ለመሙላት 22 ሚሊሰከንድ ያገኛል፤ ላይ ግን 3.7 ብቻ። የኮንታክቱ ክፍተት ሰፍቶ ያ 60 ዲግሪ ወደ 45 ከወረደ 2.8 ይቀረዋል። በሚኒሞ ማንም አያውቅም፣ ላይ ግን ይታወቃል።

ስለዚህ ክፍተቱ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሜ፣ የመዘጋት ማዕዘኑ ከ57 እስከ 63 ዲግሪ ይሁን። ማዕዘኑ ዙር ሲጨምር የሚዋዥቅ ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ተበልቷል። የኮንታክቱ ምላስ ስፕሪንግ ከደከመም ኮንታክቱ ላይ ላይ ይዘላል። ክዳኑን ከፍተው ውስጥ ያለችውን ለስላሳ ሽቦ በጣት ሳብ ያድርጉ፤ ጨርቋ ደህና መስሎ ውስጧ የተበጠሰ ስንቱን ካርቡሬተር ያለጥፋቱ አስፈትታለች።

ታይሚንግም (እሳቱ የሚሰጥበት ጊዜ) በሚኒሞ ብቻ አይለካም። የቫኩም ቱቦውን ነቅለው ከ3,500 ዙር በላይ በታይሚንግ ላይት ይዩ፤ ከ30 እስከ 34 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ከኮንታክቱ ሳህን ሥር ያሉት፣ ዙር ሲጨምር እሳቱን የሚያስቀድሙት ክብደቶች ዝገት ይዟቸዋል።

«ፖምፓው ጠቅ ጠቅ ካለ ነዳጅ ይልካል»

ድምፁ መጠን አይነግርም። ይህ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ በሰዓት 30 ሊትር፣ ማለትም በደቂቃ ግማሽ ሊትር ገደማ ይጠጣል። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ደጅ ላይ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ አስቀምጠው፣ የቦቢናውን ቀጭን ሽቦ ነቅለው ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ያውጡና ለ60 ሰከንድ ጠርሙስ ውስጥ ይልቀቁ። ጤነኛ ፖምፓ ወደ አንድ ሊትር ይሰጣል። ከ0.6 በታች ከሆነ ፊልትሮውንና ታንኩ ውስጥ ያለውን ወንፊት ያጽዱ። በርትቶ ጀምሮ የሚደክም ከሆነ የታንኩን ክዳን ከፍተው ይድገሙት፤ ከተሻለው አየር ማስገቢያው ተደፍኗል። ሲፈጥን እየጮኸ ምንም ካልላከ ደግሞ በመምጠጫው በኩል አየር እየሳበ ነው።

«ካርቡሬተሩ ላይ ወፍራም ዘይት ወይም ሌላ የነዳጅ መርፌ ያድነዋል»

የኤስዩ ካርቡሬተር ፒስተን ላይ ያለው ዘይት የፒስተኑን አነሳስ ያዘገያል፣ ያ ደግሞ ነዳጅ በድንገት ሲሰጥ ነው የሚጠቅመው። በጸና ከፍተኛ ዙር ላይ ፒስተኑ በማንኛውም ዘይት ቦታው ይደርሳል፤ 20 ቁጥር ይበቃዋል። መርፌውም ፋብሪካው የሰጠው ከሆነ ትናንት ሲሠራ ነበር። ይልቅ ፒስተኑን አንስተው ይልቀቁት፤ ጠቅ ብሎ ካልወደቀ ተይዟል። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥና ሁለቱም ስሮትሎች ሙሉ መከፈታቸውን በዓይንዎ ይዩ። ከፔዳሉ ሥር የታጠፈ ምንጣፍ ሲገኝ ያስቃል፣ ግን ይገኛል።

«አዲስ አበባ ላይ ስለደከመ ተበላሽቷል»

2,350 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 95ቱ ወደ 70 ገደማ ቢወርድ ጤና ነው። ድብልቁ ግን ይወፍራልና የጂግለሩን ዳዶ ከስድስቱ ጎኖቹ በአንዱ ልክ ወደ ላይ እያዞሩ ካንዴላውን ይመልከቱ። ይህ ድካም ከታች ጀምሮ እኩል ይሰማል፤ 4,000 ላይ ድንገት የሚጀምር ከሆነ ከፍታው አይደለም።

«ኮምፕሬሽኑ ጥሩ ከሆነ ሞተሩ ደህና ነው»

ኮምፕሬሽን የሚለካው በሞተሪኖ ቀስታ ነው፤ የተበላ ካም (ቫልቮቹን የሚያነሳው የካምሻፍት ጉብታ) እዚያ ላይደበቅ ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ይደበቃል። መጀመሪያ የቫልቮቹን ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.38 ሚሜ ያድርጉ፤ 8ኛው ቫልቭ ሙሉ ሲወርድ 1ኛው ይስተካከላል፣ 7ኛው ሲወርድ 2ኛው፣ ድምሩ ሁልጊዜ 9። ከዚያ በዳያል ጌጅ የስምንቱንም ፑሽሮዶች አነሳስ ለክተው ያወዳድሩ። አንዱ ከሌሎቹ 1 ሚሜ ያነሰ ከሆነ ካምሻፍቱ አልቋል፤ ታፔቶቹም አብረው ይቀየራሉ።